ሌሊት የሚሸና ቡችላ

ሄለን፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ወሬ አናበዛም፣ ቀጥታ ወደ ጥያቄው። አንድ አድማጫችን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። የሁለት ወር ቡችላ ወስዷል። ቀን ቀን ጨዋ ነው ይላል። ሌሊት ግን ኮሪደሩ በሽንት ይጥለቀለቃል። «ሆን ብሎ ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቋል።

ብሩክ፦ ቂም ይዞበት ነዋ!

ሄለን፦ አትሳቅ። ብዙ ሰው እኮ የሚያስበው እንደዚህ ነው። «ሲያየኝ ጆሮውን ይጥላል፣ ጥፋቱን ያውቃል» ይላሉ።

ብሩክ፦ ጆሮውን የሚጥለው ፊትሽ መጥቆሩን አይቶ ነው። የሁለት ወር ቡችላ ፊኛው ትንሽዬ ነው፣ ሽንት የሚቋጥርበት ጡንቻም ገና አልጠነከረም። በግምት የሚሠራበት ስሌት አለ። ዕድሜውን በወር ቁጠሪና አንድ ጨምሪበት፣ ያን ያህል ሰዓት ይችላል። የሁለት ወር ከሆነ 3 ሰዓት ገደማ። ሲተኛ ሰውነቱ የሚያመነጨው ሽንት ስለሚቀንስ ሌሊት ትንሽ ይጨምራል። ከማታው 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ግን 8 ሰዓት ነው። ቢፈልግም አይችልም።

ሄለን፦ እና እንቅልፍ የለም ማለት ነው?

ብሩክ፦ ለጊዜው የለም። አብዛኞቹ ቡችሎች አራት ወር አካባቢ ሲደርሱ ሌሊቱን መያዝ ይጀምራሉ። ትንንሽ ዝርያዎች ይዘገያሉ። እስከዚያ ግን አላርም ነው።

ሄለን፦ አላርሙ ስንት ሰዓት ላይ ይሞላ?

ብሩክ፦ ከሚሸናበት ሰዓት ቀደም ብሎ። ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። ሰው የሚነሳው ሽታው ሲቀሰቅሰው ወይ እግሩ ሲረጥብ ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚያስተምሩት ነገር የለም። ከሌሊቱ 8 ተኩል ላይ እንደሚሸና ካወቃችሁ 8 ሰዓት ላይ እናንተ ቀስቅሱት። ጥቂት ቀን ደረቅ ሆኖ ካደረ 15 ደቂቃ ወደፊት ግፉት። ከዚያ ሌላ 15 ደቂቃ። ቸኩሎ በአንዴ አንድ ሰዓት የሚገፋ ሰው ነው ተመልሶ መወልወያ የሚይዘው።

ሄለን፦ አላርሙ ሳይጮህ እሱ ካለቀሰስ?

ብሩክ፦ ይውጣ። «ዝም ብለው፣ ይለምደዋል» የሚባለው ምክር ለሁለት ወር ቡችላ አይሠራም። ግን አወጣጡ ደረቅ ይሁን። መብራት አታብሩ፣ አታጫውቱት፣ ስልክ አውጥታችሁ ቪዲዮ አትቅረጹ። ሸና? በለሆሳስ «ጎበዝ»፣ አንድ ቁራሽ ነገር፣ ወደ መኝታው። ሌሊት የጨዋታ ሰዓት እንደሆነ ከገባው ግን በየሰዓቱ ይቀሰቅሳችኋል፣ ሞኝ አይደለም።

ሄለን፦ ለዚህ ሰውዬ ግን ሦስት ፎቅ አለበት። ሊፍትም ያለው አይመስለኝም።

ብሩክ፦ ታቅፎት ይውረድ። ቡችላ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ነው የሚሸናው። በእግሩ ከለቀቀው የመጀመሪያውን ደረጃ ወርዶ፣ መሬቱን አሽትቶ፣ አንድ ዙር ይዞራል። ከዚያ ቁጭ ማለት ነው። የጎረቤት በር ላይ!

ሄለን፦ ከዚያ የሚመጣውን የኮሚቴ ስብሰባ አስበው።

ብሩክ፦ ሌላም ችግር አለ። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ሌሎች ውሾች የሚጸዳዱበት አፈር ላይ መውረድ የለበትም። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ለቡችላ ደግሞ ገዳይ ነው። ስለዚህ ክትባቱ እስኪያልቅ በረንዳው ላይ ዝርግ ሳፋ ያዘጋጅለት። ንጹህ አፈርና ሣር ይደልድልበት፣ ሽንቱ የነካው ጨርቅ ካለ ጫፉ ላይ ያስቀምጥ። ሽታው ራሱ ይጠራዋል።

ሄለን፦ ሽታ ካልክ አይቀር፣ በረኪና?

ብሩክ፦ ኧረ በፍጹም! በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ይፈጥራል። ለእሱም ለእናንተም ሳንባ ጥሩ አይደለም። ደግሞ ሽታው እኛን ያታልል ይሆናል እንጂ የውሻን አፍንጫ አያታልልም። ሽንቱን መጀመሪያ በጨርቅ ምጠጡት፣ በላርጎ እጠቡት፣ ከዚያ አቼቶ በውሃ በርዛችሁ አብሱበት። አቼቶና በረኪና ግን አንድ ላይ እንዳትቀላቅሉ፣ ያኛው የባሰ ነው። ዲሲና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የቤት እንስሳት ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ገብታችሁ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ በሉ። ሽታውን ከሥሩ የሚያጠፋው እሱ ነው።

ሄለን፦ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ የሚያሹትስ? ሰፈር ውስጥ ዋናው ትምህርት ቤት እሱ ነው።

ብሩክ፦ ከሱ የሚማረው እናንተ ፊት መሽናት እንደሚያስመታ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሶፋ ጀርባ ተደብቆ ይሸናል። ከዚያ ውጭ ስታወጡትም እያያችሁት አልሸናም ይላል። ሁለት ኪሳራ።

ሄለን፦ የምግቡን ነገር ልጠይቅህ። ብዙ ቤት የእራት ትርፍራፊ ነው የሚሰጠው።

ብሩክ፦ ግማሹ ችግር እሱ ነው ብልሽ ታምኛለሽ? ወጥ ጨው አለው። ጨው ያስጠማዋል፣ ውሃ ይገለብጣል፣ ሌሊት ያንኑ ያፈሳል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው፣ ደሙን ይጎዳል። ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ጨርሶ ይቅር። እራቱን 1 ሰዓት አካባቢ ይብላ። ውሃ ቀኑን ሙሉ እንደልቡ፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ብቻ ዕቃውን አንሱት። ልክ ልትተኙ ስትሉ አንዴ አውጡት።

ሄለን፦ ኬጅ ያስፈልጋል?

ብሩክ፦ ይጠቅማል፣ ልኩ ከተገኘ። ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ብቻ። ከሰፋ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ጥግ ሽንት ቤት ያደርገዋል። ኬጅ ከሌለ ካርቶን በቂ ነው፣ አልጋችሁ አጠገብ አድርጉት። ሲቅበጠበጥ ትሰሙታላችሁ።

ሄለን፦ እናቴ ይሄን ከሰማች፣ «ውሻ መኝታ ቤት!» ብላ ሦስቴ ታማትባለች።

ብሩክ፦ ለሁለት ወር ነው በያት፣ ከዚያ ወደ ሳሎን ይወጣል።

ሄለን፦ ይሄን ሁሉ አድርጎም ካልተሻለውስ?

ብሩክ፦ ያኔ የእንስሳት ሐኪም ነው። በተለይ ለሳምንታት ደረቅ ሆኖ ያድር የነበረ ቡችላ እንደገና ከጀመረ። ወይ ቶሎ ቶሎ ጠብታ ጠብታ የሚሸና፣ የሚያምጥ፣ ሽንቱ ደም የቀላቀለ ከሆነ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ሴቶቹ ላይ ይበዛል። አላርም አያድነውም፣ መድኃኒት ነው የሚያድነው። ስትሄዱ የጠዋቱን ሽንት በንጹህ ዕቃ ይዛችሁ ብትሄዱ ሐኪሙ ይመርቃችኋል።

ሄለን፦ ቆይ፣ እንዴት ነው የሚያዘው? ኩባያ ይዤ ከኋላው ልሩጥ?

ብሩክ፦ ኩባያ አይሆንም፣ በተለይ ሴት ከሆነች ዝቅ ብላ ነው የምትሸናው። ዝርግ ሰሃን። ከጀመረች በኋላ ቀስ ብለሽ ከሥር ታንሸራትቻለሽ።

ሄለን፦ ሰሃኑ ወደ ኩሽና አይመለስም፣ እሺ?

ብሩክ፦ እሱን ለእናትሽ አትንገሪያት።