አባ ጎርጎርዮስን የጋበዘው የጎታው መስፍን

[ምስል፦ የጎታ ከተማ ከላይ። ኮረብታው ላይ ሰፊ ቤተ መንግሥት ይታያል።]

በ1652 አንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ከሮም ተነሥተው ጀርመን አገር ገቡ። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። የተጠሩት ጎታ በምትባል ከተማ ወደሚገኝ ቤተ መንግሥት ነው። የጠራቸው የአገሪቱ ገዢ መስፍን ኤርንስት ነው። ዛሬ የምንተርከው የዚህን ሰው ሕይወት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤርንስት በ1601፣ በገና ዕለት ተወለደ። ያኔ ጀርመን በብዙ መሳፍንት የተከፋፈለች ነበረች። የኤርንስት አባት ከእነሱ አንዱ፣ የቫይማር መስፍን ነበር። ኤርንስት ነፍስ ሳያውቅ አባቱ ሞተ። እናቱ ዶሮቴያ ማሪያ ትምህርት የምትወድ ሴት ነበረች። ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይሁን ይል የነበረውን መምህር ቮልፍጋንግ ራትከን ከደገፉት አንዷ ናት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

በ1618 የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ፈነዳ። ኤርንስትም ከስዊድኑ ንጉሥ ከጉስታቭ አዶልፍ ጎን ተሰልፎ ዘመተ። በ1632፣ ንጉሡ በወደቀበት በሉትዘን ውጊያ ላይ ነበር። ታናሽ ወንድሙ በርንሃርድ በጦር መሪነቱ ስሙን ተከለ። ኤርንስት ግን በ1635 ከጦርነቱ ወጣ። በ1640 ወንድማማቾቹ ርስታቸውን ሲካፈሉ ጎታ ለእሱ ደረሰችው።

የደረሰችው አገር ጦርነት ያደቀቃት ነበረች። ጦርነቱም ገና አላለቀም። እሱ ግን ጊዜ አላጠፋም። በ1643፣ ሰላም ሊወርድ አምስት ዓመት ሲቀረው፣ አዲስ ቤተ መንግሥት መገንባት ጀመረ። ስሙን ፍሪደንስታይን አለው፤ የሰላም ድንጋይ ማለት ነው።

[ምስል፦ የቤተ መንግሥቱ በር። ከበሩ በላይ ያለው ቅርጽ ቀስ ብሎ ይቀርባል።]

በሩ ላይ ያለውን ቅርጽ ተመልከቱት። ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ይሳሳማሉ። አንዷ ሰላም፣ ሌላዋ ፍትሕ ናት። አጠገባቸው ያለው ጽሑፍ ሰላም ትመግባለች፣ ጠብ ግን ትበላለች ይላል። ለዚያ ዘመን ሰው ይህ ባዶ ጌጥ አልነበረም። ጠብ ሰውን፣ ከብቱንና እህሉን ስትበላ በዓይኑ አይቷል።

ኤርንስትን ከዘመኑ መሳፍንት ለይቼ እንዳከብረው የሚያደርገኝ ግን ትምህርት ቤቱ ነው። ሥልጣን እንደያዘ ሹማምንቱንና ካህናቱን በየመንደሩ አሰማራ። ሕዝቡ ሃይማኖቱን ምን ያህል እንደሚያውቅ ጠየቁ፣ መዘገቡ። በ1642 ርእሰ መምህሩ አንድሬያስ ራይኸር ያዘጋጀው የትምህርት ደንብ ወጣ። ከ5 ዓመት ጀምሮ ልጅ ሁሉ ይማር ተባለ። ወንድም ሴትም፣ የከተማም የገጠርም። ልጁን ያስቀረ ወላጅ ይቀጣል። ትምህርቱም በጀርመንኛ ነው፤ የእናቱ ነገር እዚህ መጣች። ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ መዝሙር ይማራሉ። በኋላ ስለ ተፈጥሮና ስለ ልኬት የሚያስተምር መጽሐፍ ተጨመረ። ውሎ አድሮ የኤርንስት ገበሬ ከሌላው አገር መኳንንት ይልቅ የተማረ ነው ይባል ጀመር።

ሰውየው ቀላል ገዢ አልነበረም። የሕዝቡን አለባበስም ድግስም በሕግ ይገድብ ነበር። ሕዝቡ ጸሎተኛው ኤርንስት ይለዋል፤ በታሪክም ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ተብሎ ይታወቃል። ሁሉ ነገር ውስጥ የሚገባ ገዢ ሕዝቡን ማፈናፈኛ ሊያሳጣ ይችላል፤ እሱም አንዳንዴ አሳጥቷል ባይ ነኝ።

[ምስል፦ የአባ ጎርጎርዮስ የቅርጽ ምስል።]

አሁን ወደ እንግዳችን። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ናቸው። ካቶሊክ ስለነበሩ፣ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ሲባረሩ እሳቸውም ተሰደዱ። ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ በሚባለው የሐበሾች ማረፊያ ተቀመጡ። በ1649 የኤርፉርቱ ወጣት ሂዮብ ሉዶልፍ እዚያ አገኛቸው። ግእዝን ከመጽሐፍ ለምዶ መጥቷል፤ ጎርጎርዮስ ደግሞ በግእዝም በአማርኛም አስተማሩት።

ሉዶልፍ በኋላ የኤርንስት ሠራተኛ ሆነ። መስፍኑ ሉተራዊ ነው፤ ከሮም ቤተ ክርስቲያን የተለየው የማርቲን ሉተር ተከታይ ማለት ነው። ከሮም ውጭ የቆየች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አፍሪካ ውስጥ አለች ሲባል ልቡ ተነሣ። ጎርጎርዮስን አስመጣና ስለ አገሩ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ሃይማኖቱ ጠየቀ። ሉዶልፍ አስተረጎመ፣ ጻፈም።

ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 ባሕር ላይ ሰጥመው ሞቱ። ያስተማሩት ግን ፍሬ አፈራ። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በላቲን አሳተመ። የታሪክ መጽሐፉ ብዙው ነገር ከእኚሁ ካህን አፍ የተቀዳ ነው። ስማቸውን በየክፍል ትምህርቱ ልንሰማው ይገባ ነበር።

ኤርንስት በዚህ አልበቃውም። በ1663 ዮሃን ሚካኤል ቫንስሌብን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ሰውየው ግን ግብፅ ላይ ቀረ። ብሎ ብሎም ሮም ሄዶ ካቶሊክ ሆነ። ለሉተራዊው መስፍን ይህ ከባድ ሐዘን ነው።

[ምስል፦ የዘር ሐረግ።]

ኤርንስት ከሚስቱ ከኤሊዛቤት ሶፊ 18 ልጆች ወለደ። በ1675 ሲሞት ሰባት ወንዶች ልጆች ቀሩ። በ1680 አገሪቱን ለሰባት ተካፈሏት። የንግሥት ቪክቶሪያ ባል አልበርት ከዚህ ዘር ነው፤ የዛሬው የእንግሊዝ ንጉሥም እንዲሁ።

የትምህርቱ ነገር በሌላ መንገድ ተሻገረ። ከኤርንስት ሹማምንት የአንዱ ልጅ አውጉስት ሄርማን ፍራንከ ጎታ ውስጥ ተማረ። አድጎም በ1695 ሃለ ከተማ ላይ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ከጀርመን ግዛቶች አንዷ የነበረችው የፕሩሲያ ንጉሥ ያን ትምህርት ቤት መጥቶ አየ። በ1717ም ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲልኩ አዘዘ።