ካንሰር ያልሆነ እባጭ ስለ ካንሰር ሲጠቁም

[ምስል፦ የመንጋጋ ኤክስሬይ]

የታችኛውን መንጋጋ ማዕዘን እዩ። ነጭ፣ ድፍን ያለ ክብ ነገር አለ። ኦስቲዮማ ይባላል፤ የአጥንት እባጭ ነው፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። አጠገቡ ሳይበቅል አጥንት ውስጥ የቀረ ትርፍ ጥርስ ይታያል። አንድ ኦስቲዮማ ብቻውን ብዙም አያስጨንቅም። ሁለት ሦስት ሆኖ ከትርፍ ጥርስ ጋር ሲገኝ ግን የጥርስ ሐኪሙ ስለ ትልቁ አንጀት መጠየቅ አለበት።

ነገሩ ጋርድነር ሲንድረም የተባለ በዘር የሚወረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። 5ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ኤፒሲ የተባለ ጂን ሲበላሽ ትልቁ አንጀት ውስጥ ፖሊፕ (ከአንጀት ግድግዳ የሚበቅል ትንሽ እባጭ) በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ይበቅላል። ካልታከመ በ40 ዓመት አካባቢ ካንሰር መምጣቱ አይቀርም ማለት ይቻላል። የመንጋጋው እባጭ ከፖሊፑ ቀድሞ ሊታይ ስለሚችል ጊዜ ይሰጠናል። የአንጀት ምርመራው ከ10 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ይጀመራል። ታማሚ ወላጅ የተበላሸውን ጂን ለእያንዳንዱ ልጅ የማውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። «በቤተሰባችን የለም» የሚል መልስ ግን አያዘናጋ፤ ከ4 ታማሚዎች በ1 ያህሉ ጉድለቱ አዲስ ነው።

[ምስል፦ የአንገት ደም ቧንቧ ለሁለት ሲከፈል]

እዚህ መንታ ላይ የሚያድገው ዕጢ ፓራጋንግሊዮማ ነው። በጣት ይዘው ወደ ጎን ሲገፉት ይሄዳል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን እንቢ ይላል፤ ከቧንቧው ጋር ተጣብቋላ! መርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድ እዚህ ትልቅ ስህተት ነው፤ ዕጢው በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ክፉኛ ሊደማ ይችላል። መጀመሪያ ምስል ይነሳል፤ ከቀዶ ሕክምና በፊትም ሜታኔፍሪን (የአድሬናሊን መሰል ሆርሞኖች ስባሪ) በደም ወይም በሽንት ይለካል፤ ዕጢው የደም ግፊት የሚያሻቅብ ሆርሞን እያመነጨ ከሆነ ማደንዘዣው አደጋ ያመጣል።

የዘር ሐረጉን ስትጠይቁ በአባት በኩል አጥብቁ። ኤስዲኤችዲ የተባለው ጂን ተበላሽቶ ከአባት ሲወረስ ያሳምማል፤ ከእናት ሲወረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስለሚል በሽታው ትውልድ የዘለለ ይመስላል። የተበላሸው ኤስዲኤችቢ የተባለው ጂን ከሆነ ደግሞ ዕጢው ወደ ሌላ አካል የመሠራጨት ዕድሉ ይጨምራል፤ ኩላሊትም ለዕጢ ይመረመራል።

[ምስል፦ የሕፃን ምላስ ጫፍ]

በጣም የሚያስቸኩለው ይህ ነው። ምላስና ከንፈር ላይ ትንንሽ የነርቭ ጉብታዎች፣ ወፈር ያለ ከንፈር፣ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው፣ የሆድ ድርቀት የማይለቀው ሕፃን። ጉብታዎቹ ቢተዉም ግድ የለም። ሬት (RET) የተባለው ጂን ምርመራ ኤምኢኤን 2ቢ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር የሚያመጣ የዘር በሽታ መሆኑን ካረጋገጠ ግን ታይሮይዱ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) አንድ ዓመት ሳይሞላው እንዲወጣ ይመከራል፤ ካንሰሩ በዚያ ዕድሜ ሊጀምር ይችላልና።