ጨጓራዬ ነው ወይስ ጭንቀቴ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱ ደግሞ ጨጓራ ነው። ቆይ፣ እንዳትዘጉት!

አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ የሚሠራ ሰው ሁሉ ጨጓራ ያለበት ይመስለኛል። ከቦርሳው ኦሜፕራዞል፣ ማለትም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኪኒን፣ የማይጠፋ ጓደኛ አለኝ። አለቃው ጨጓራውን ሲልጠው በቃ፣ የምሩን ያመዋል። ካመመው በኋላ ደግሞ እሱን ማናገር አይቻልም። ይነጫነጫል፣ ሁሉም ነገር ይጨልምበታል። የቱ ቀደመ? ንዴቱ ወይስ ሆዱ?

እኔ ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። ቬገስ የሚባል ረጅም ነርቭ አለ። ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ በአንገትና በደረት አልፎ ሆድ ይደርሳል። አንጎል አዛዥ፣ ሆድ ታዛዥ ይመስለናል አይደል? ግን የዚህ ነርቭ ክሮች 80 በመቶ ያህሉ መልእክት የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው። ሆድ ከሚታዘዘው ይልቅ የሚያወራው ይበልጣል።

ከላይ ወደ ታች ያለውን መንገድ ደግሞ በዓይኑ ያየ ሐኪም ነበር። በፈረንጆቹ 1822 አሜሪካ ውስጥ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል ወጣት ሳይታሰብ በተተኮሰ ጥይት ሆዱን ተመታ። ዳነ፤ የጨጓራው ቀዳዳ ግን ሳይዘጋ ቀረ። ሐኪሙ ዊሊያም ቦሞንት ምግብ በክር እያሰረ በዚያ ቀዳዳ ያስገባል፣ መልሶ ያወጣል፣ ይመለከታል። ይህን ለዓመታት ሠራ። ሰውየው ሲናደድ የምግቡ መፈጨት እንደሚታወክ ጽፏል። እኔ ግን፣ ሆዱ ውስጥ በክር የታሰረ ሥጋ እየተንጠለጠለበት ማን አይናደድም?

ይህን ስል ግን ሁሉም ነገር ጭንቀት ነው ማለቴ አይደለም። ባሪ ማርሻል የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1984 ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ። ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 ኖቤል ተሸለሙበት። እኛ አገር ይህ ባክቴሪያ በጣም የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ተመርመሩ። "ተጨንቀህ ነው" ተብላችሁ ዝም እንዳትሉ።

አሁን ወደ ምግቡ። ቲክቶክ ላይ ሰምታችኋል፦ "90 በመቶው የደስታ ሆርሞን አንጀት ውስጥ ነው የሚመረተው!" ሴሮቶኒንን ማለታቸው ነው። አብዛኛው አንጀት ውስጥ መመረቱ እውነት ነው። ግን ያ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይገባም፤ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር አያሳልፈውም። ዋና ሥራው እዚያው አንጀትን ማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ በዚህ ወሬ ተነስቶ ዱቄት የሚሸጥላችሁን ሰው ቻው በሉት።

እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ድባቴ ያለባቸው 67 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ከአመጋገብ ባለሙያ ጋር አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና የወይራ ዘይት አበዙ፤ ጣፋጭና በዘይት የተጠበሰ ምግብ ቀነሱ። ሌሎቹ ቁጭ ብሎ የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው። ከ12 ሳምንት በኋላ አመጋገባቸውን ካስተካከሉት 32 በመቶው ከድባቴው ወጡ። ከሌሎቹ 8 በመቶ ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ በየትኛው ቡድን እንደተመደቡም ተሳታፊዎቹ ያውቃሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ሕክምና ላይ ነበሩ። ስለዚህ ምስር በላሁ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቆም እንዳይኖር!

ምስር ካልኩ አይቀር፣ የዚያን ዝርዝር ግማሽ የጾም በያይነቱ ላይ አታገኙትም? ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጤፍ። የእነዚህን ፋይበር፣ ማለትም ቃጫቸውን፣ እኛ አንፈጨውም፤ አንጀታችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይበሉታል፣ በምትኩ የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶች ይሠራሉ። "እንጀራ የቦካ ስለሆነ ጥሩ ባክቴሪያ አለው" የሚሉ አሉ። እርሾው ውስጥ ያሉትማ ምጣዱ ላይ ያልቃሉ። ሕያው ባክቴሪያ ከፈለጋችሁ እርጎ ጠጡ።

የጾም ምግብ የማይሰጠን ግን አንድ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ቢ12። ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው የሚገኘው። ሲያንስ ድካም፣ መርሳትና ድብርት ያመጣል። ኦሜፕራዞልን ለዓመታት መዋጥም ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አስቡት፤ አጽዋማቱን ሁሉ ይጾማል፣ ጾም ባልሆነውም ቀን ሥጋ እምብዛም አይቀምስም፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ኪኒኗ አለች። ይህ ሰው "ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደስ አይለኝም" ሲል ጸሎት እናዝዝለታለን፣ እረፍት ውጣ እንለዋለን። የደም ምርመራ አድርግ የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ቢ12ንም እዩልኝ" በሉ። የደም ማነስ ካለባችሁ ደግሞ ሻይና ቡናውን ከምግብ ጋር አትጠጡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ ይሁን፤ ለደም የሚያስፈልገውን ብረት ከምግቡ እንዳናገኝ ያግዱናል።

በሉ፣ እኔም ምሳ አልበላሁም። ሳምንት እንገናኝ።