ቀይ ባንዲራና የጣርማበር ታኮ (የፖድካስት ውይይት)

ሚሚ፦ እሺ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነን፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ እኔ ጋቢ ደርቤ ነው የተቀመጥኩት ጋሼ ደግሞ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። ባለፈው ቃል በገባነው መሰረት ዛሬ የምናወራው አውቶክሮስ ስለሚባለው የመኪና ውድድር ነው፣ በተለይ ባንዲራ ስለሚይዙት ኮን፣ ያው መንገድ ላይ የሚቆመውን ሾጣጣ ፕላስቲክ፣ ስለሚያነሱት በጎ ፈቃደኞችና ፍጥነቱ እንዴት እንደሚያዝ። ወንድሜ አሜሪካ በነበረ ጊዜ እራሱ ሲሰራው ስለነበር እኔ እጠይቃለሁ እሱ ያወራል። ጋሼ፣ ቀጥል።

ጋሼ፦ እሺ። አውቶክሮስ ማለት ባጭሩ... ቆይ ግን ከዛ በፊት፣ ትናንት ከደብረ ሲና ስመለስ ጣርማበር ላይ ጉም ነበር፣ እንዴት ያለ ጉም መሰለሽ፣ ከፊቴ ያለው መኪና የኋላ መብራት ራሱ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። ዋሻው ጋ ስደርስ ማን ትዝ አለኝ?

ሚሚ፦ አጎቴ።

ጋሼ፦ አጎቴ! ታሪኩን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አድማጮቻችን ግን አያውቁትም።

ሚሚ፦ እኔ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ ግን ንገራቸው።

ጋሼ፦ አጎታችን የኤንትሬ ፊያት ረዳት ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ እየተመላለሰ ጭነት ይሰራል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ክረምት ትምህርት ተዘግቷል፣ ካቢና ውስጥ በእሱና በሾፌሩ መሀል አስቀምጦ ይዞኝ ሄደ። እና ጣርማበር ስንደርስ ዋሻውን አልፈን፣ ያው ዋሻው ጣሊያን በወረራው ጊዜ ከ1928 እስከ 1933 ባለው የሰራው ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከዛ ወጣ ስንል ቁልቁለቱ ጀመረ ጉሙም አብሮ መጣ። ነጭ ግድግዳ በይው። ሾፌሩ ገና ከላይ ማርሹን አውርዶታል፣ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ አይደል የድሮ ሾፌሮች፣ ፍሬን ብቻ ይዘህ ከወረድክ ፍሬኑ ይግላል፣ ታች ስትደርስ እግርህን ብትረግጠው አይዝም።

ሚሚ፦ አጎቴ እዚህ ጋ ይወርዳል።

ጋሼ፦ ይወርዳል! በሩን ከፈተ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ ታኮውን ብብቱ ስር ሸጎጠና ከመኪናው ፊት ለፊት በእግሩ መሄድ ጀመረ። ለምን ነጠላ? ነጭ ስለሆነ በመብራቱ ይታያል። እኔ ካቢና ውስጥ ሆኜ የማየው ነጠላውን ብቻ ነው፣ ሰውየው የለም፣ ነጠላ ብቻ ነው የሚሄደው። ታኮው ደግሞ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው፣ አንድ ጎኑ በመጥረቢያ የተጠረበ...

ሚሚ፦ የወይራ ነው።

ጋሼ፦ የባሕር ዛፍ ነው።

ሚሚ፦ ጋሼ በናትህ፣ ባሕር ዛፍ ኤንትሬ ቢወጣበት ይሰነጠቃል እኮ፣ ወይራ ነው።

ጋሼ፦ አንቺ ያኔ አልተወለድሽም! ብቻ ይሄን እንተወው፣ አንድ ኩርባ ላይ ስንደርስ አጎቴ ተመልሶ ካቢናውን ሁለቴ መታ። ዷ ዷ። ሾፌሩ ወዲያው አቆመ። ልብ በይልኝ፣ ለምን አላለም፣ መስኮት አውርዶ ምን ሆነሃል አላለም፣ ቆመ። አጎቴ ታኮውን ከፊት ጎማ ስር ከተተ። ከዛ ጉሙ ትንሽ ከፈት ሲል ምን አየን፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ መብራቱን አጥፍቶ መንገድ ዘግቶ የቆመ ሌላ የጭነት መኪና። ተበላሽቶ። ሾፌሩ ከኋላው ድንጋይ ደርድሯል ግን በዛ ጉም ድንጋይ ማን ያያል።

ሚሚ፦ እኔ ሁሌ እዚህ ጋ ይጨንቀኛል፣ አንተ እዛ መሀል ተቀምጠህ...

ጋሼ፦ ሾፌሩ ትልቅ ሰው ነው፣ ከአጎቴ በሃያ ዓመት ይበልጣል፣ ደሞዝ ከፋዩም አለቃውም እሱ ነው። ግን ረዳት ካቢና ሁለቴ ከመታ ይቆማል፣ አለቀ። እና እኔ ከስንት ዓመት በኋላ አሜሪካ አንድ የስታዲየም ፓርኪንግ ላይ ቀይ ባንዲራ ሲሰጡኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይሄ ዷ ዷ ነው።

ሚሚ፦ እሺ ጥሩ፣ ወደ ርዕሳችን ደረስን። አውቶክሮስ ምንድነው?

ጋሼ፦ ሰፊ አስፋልት ትፈልጊያለሽ፣ ፓርኪንግ ሊሆን ይችላል ድሮ የአውሮፕላን ማረፊያ የነበረ ሜዳ ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ በኮን መንገድ ትሰሪያለሽ፣ ዚግዛጉን መታጠፊያውን ሁሉ በኮን። መኪኖች ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይሮጣል፣ ከሰዓት ጋር ነው ውድድሩ። ኮን ከጣልሽ ወይም ከቦታው ካስወጣሽው በአሜሪካኖቹ ደንብ በያንዳንዱ 2 ሰከንድ ይጨመርብሻል፣ መንገዱን ከሳትሽ ያ ዙር አይቆጠርም። ስፖርትስ ካር ክለብ ኦፍ አሜሪካ የሚባል በፈረንጆቹ 1944 የተመሰረተ ማህበር አለ፣ እነሱ «ሶሎ» ነው የሚሉት፣ ከ1973 ጀምሮ ሀገር አቀፍ ውድድር አላቸው፣ ካለፉት ብዙ ዓመታት ወዲህ ነብራስካ ሊንከን ከተማ ነው የሚደረገው። የሚመጣው ሰው ደግሞ በየቀኑ ስራ የሚሄድበትን መኪና ይዞ ነው።

ሚሚ፦ ማለት እኔ ቪትሴን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ጋሼ፦ ትችያለሽ! ሄልሜት ታደርጊያለሽ፣ ከመግባትሽ በፊት ይፈትሹልሻል፣ የጎማ ዳዶ ጠብቋል ወይ፣ ባትሪው ታስሯል ወይ፣ መኪና ውስጥ የሚንከባለል ነገር አለ ወይ። የውሃ ኮዳ እንኳን ያስወጡሻል፣ ፍሬን ፔዳል ስር ቢገባስ? እና ዋናው ነገር፣ ሁሉም ሰው ይሰራል። ግማሹ ሲነዳ ግማሹ ሜዳ ላይ ነው፣ ከዛ ይቀያየራሉ። የሚከፈለው ሰው የለም።

ሚሚ፦ እዚህ ጋ እኔ ጥያቄ አለኝ...

ጋሼ፦ ቆይ ይሄን ልጨርስ። እኔ ጣቢያ ሦስት ነበር የተመደብኩት። ባንዲራ፣ ሬዲዮ፣ የእሳት ማጥፊያ አለን። ኮን ሲወድቅ ሮጠሽ ታነሺያለሽ፣ ግርጌው ዙሪያ በኖራ መስመር ተሰምሮለታል፣ እዛው ምልክቱ ላይ ትመልሺዋለሽ፣ «ጣቢያ ሦስት፣ አንድ ኮን» ብለሽ በሬዲዮ ትናገሪያለሽ። ቀላል ይመስላል አይደል? የመጀመሪያ ቀኔ ኮን ወደቀ፣ ሮጥኩ፣ ጎንበስ ብዬ ኖራውን እየፈለግኩ ነው፣ ጀርባዬን ለመኪና ሰጥቻለሁ። አንዱ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ሌላው እንደሚነሳ ረስቼዋለሁ። አብሮኝ ያለው ሽማግሌ ጮኸ፣ እንዴት ያለ ጩኸት መሰለሽ፣ ቀና ስል መኪናው መጥቷል ሽማግሌው ቀይ ባንዲራውን ዘርግቶ መሀል ለመሀል ቆሟል መኪናው ደግሞ ጎማው እየጮኸ ቆመ። ሰውየው አልተቆጣኝም። «ዓይንህ ከመኪናው ላይ አይነሳ፣ ኮኑ ይጠብቃል» ነው ያለኝ። እስከዛሬ አልረሳውም።

ሚሚ፦ ሾፌሩስ? አልተናደደም? ሰዓቱ ተበላሸበት እኮ።

ጋሼ፦ በቀይ ባንዲራ ከቆምሽ ዙሩን እንደገና ይሰጡሻል፣ አትጎጂም። ይሄ ደንብ በጣም ብልህ ነው፣ ምክንያቱም ባንዲራ የያዘው ሰው «የሰው ዙር ላበላሽ ነው» ብሎ አያመነታም። ከተጠራጠርክ አውጣ ነው።

ሚሚ፦ እሺ አሁን ልጠይቅ። ፍጥነቱን ማነው የሚይዘው? ሾፌሮቹ ነዳጅ ከረገጡ ባንዲራ ምን ያደርጋል?

ጋሼ፦ ፍጥነቱን የሚይዘው ኮኑ ነው! ሰው ሰው ይላል ሁሉም፣ «ሾፌሩ ይጠንቀቅ» ምናምን፣ አይደለም። ጠዋት መንገዱን የሚሰራው ሰው ነው ፍጥነቱን የሚወስነው። ረጅም ቀጥ ያለ ነገር ከተውሽላቸው ይበራሉ፣ በምን ታስቆሚያቸዋለሽ? ዚግዛግ ስታስገቢ፣ ኮኖቹን ስታቀራርቢ፣ መታጠፊያ ስትጨምሪ ይረግባል። ብዙ ጊዜ ተራ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው ጣሪያው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዛም በታች። ከዛ የደህንነት ኃላፊው፣ እሱም በጎ ፈቃደኛ ነው፣ በእግሩ ዞሮ ያየዋል፣ የመብራት ምሰሶ ከቀረበ፣ ሰው የሚቆምበት ከቀረበ ያስቀይረዋል። እሱ ሳይፈርም አንድም መኪና አይነሳም። ፍጥነት ከ50 ወደ 100 ሲሄድ እጥፍ ብቻ ይመስልሻል ግን መኪናው ይዞት የሚመጣው ጉልበት አራት እጥፍ ነው።

ሚሚ፦ እኔ ግን እዚህ ጋ አልስማማም ጋሼ። እዚህ እንጀምረው ብንል፣ 100 ከሆነ ልጆቹ አይመጡም። እዚህ ማታ ማታ አዲሱ አስፋልት ላይ የሚሮጡትን ታውቃቸዋለህ፣ እነሱ የሚፈልጉት ፍጥነት ነው፣ ኮን መሀል ዙር ብትላቸው የልጅ ጨዋታ ነው ይሉሃል።

ጋሼ፦ አንድ ጊዜ ይሞክሩት! ከመታጠፊያ ወደ መታጠፊያ ስትገቢ 60 ራሱ 150 ነው የሚመስልሽ፣ እጅሽ ከመሪው ጋር ይታገላል፣ ስትወጪ ላብ በላብ ነሽ። ደግሞ እዚህ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አየሩ ይበላበታል፣ ስለዚህ ቀጥታ ላይ ምንም አትጠቀሚም፣ ጨዋታው ያለው መታጠፊያው ላይ ነው።

ሚሚ፦ እሺ ምናልባት። ሁለተኛው ግን ይሉኝታ ነው። አሜሪካ ላይ ባንዲራ አወጣህ ቆመልህ። እዚህ የማን ልጅ ነው፣ መኪናው የማን ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ እንዴት በሃያ ዓመት ልጅ ባንዲራ ይቆማል? ልጁስ እንዴት ያወጣዋል?

ጋሼ፦ አጎቴስ? ሾፌሩ በሃያ ዓመት ይበልጠዋል አላልኩሽም?

ሚሚ፦ አጎቴና ሾፌሩ አብረው እንጀራ የሚበሉ ናቸው! ቁልቁለቱን ሁለቱም ያውቁታል። ባዶ ሜዳ ላይ የተገናኘ ሰው እንደዛ አይደለም።

ጋሼ፦ እሱ... እሱ እውነት ነው። አዎ። ግን እኮ ጥምቀት ላይ ጉግስ ሲኖር ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን አጋድመው ሰውን ወደኋላ ሲሉት ማን ይከራከራቸዋል? ፈረሱ እየጋለበ ሲመጣ ሕጻኑ ሁሉ ወደ መሀል መግባት ይፈልጋል፣ እነሱ ጀርባቸውን አይሰጡም፣ ዓይናቸው ፈረሱ ላይ ነው። ማንም አልከፈላቸውም።

ሚሚ፦ ሽማግሌ ስለሆኑ እኮ ነው የሚሰማቸው፣ እኔ የምልህ ራሱ ይሄን ነው!

ጋሼ፦ ታዲያ ባንዲራውን ለሽማግሌ እንስጠው።

ሚሚ፦ ሽማግሌ ኮን ለማንሳት አይሮጥም።

ጋሼ፦ ሽማግሌው ባንዲራ፣ ልጁ ኮን። ጣቢያ ላይ ሁለት ሰው ነው መሆን ያለበት ለማንኛውም፣ አንዱ ሲያነሳ አንዱ መኪናውን ያያል። እኔን ያዳነኝም ሽማግሌ ነው።

ሚሚ፦ ይሄ አሳምኖኛል ማለት ይቻላል። የአበሉ ጉዳይ ግን አላሳመነኝም፣ ቀኑን ሙሉ በዚህ ብርድ በነጻ የሚቆም ሰው...

ጋሼ፦ ተራ ነው እኮ! ጠዋት አንተ ቆመህልኛል ከሰዓት እኔ እቆምልሃለሁ። ደቦ ነው። ለማያውቀው ሰው መኪና የሚቆም የለም፣ ነገ ራሱ ሊነዳ ስለሆነ ነው የሚቆመው። ዓይኑን የማያነሳውም ለዚህ ነው።

ሚሚ፦ ደቦ ከሆነ ጠላና ቆሎ ያስፈልጋል።

ጋሼ፦ ቆሎ ይኖራል። ጠላ የለም፣ መሪ የሚይዝ ሰው ነው። ማታ።

ሚሚ፦ ስለ ሄልሜቱ በደንብ አላወራንም፣ ሰዓቱ ደግሞ ሄዷል። ግን ከመጨረሳችን በፊት እኔ የታኮው ነገር አልወጣልኝም፣ እማዬ ጋ ልደውል ነው።

ጋሼ፦ ደውዪ! ባሕር ዛፍ ትልሻለች።

ሚሚ፦ ቆይ ድምጹን ከፍ ላርገው... ሄሎ እማዬ? ደህና ነሽ? ደህና ነን፣ እየቀረጽን ነው፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የአጎቴ ታኮ የምን እንጨት ነበር?

እማዬ (በስልክ)፦ የቱ? የመኪናው? የወይራ ነው እንጂ።

ሚሚ፦ አላልኩህም!

ጋሼ፦ እማዬ እርግጠኛ ነሽ? እኔ የባሕር ዛፍ ነው የሚመስለኝ።

እማዬ፦ ምን እርግጠኛ አያስፈልገውም ልጄ፣ ይኸው እፊቴ ነው። ሞቶም ጥሎልኝ የሄደው እሱን ነው። የጓሮውን በር ንፋስ እየደበደበው ስላስቸገረኝ ስሩ ሸጉጬዋለሁ።

ጋሼ፦ እዛ ነው ያለው? እስካሁን? እማዬ፣ እሁድ መጥቼ ልውሰደው? እዚህ ስቱዲዮ ላስቀምጠው።

እማዬ፦ መምጣቱን ና። እሱን ከወሰድከው ግን በሩን ምን ይያዝልኝ?