ለጋ ሴሎችን የሚመርጠው ወባ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለ ጉዳይ ነው፤ ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ማረፊያውን የሚመርጥበት መንገድ።

ዘመዱ ፋልሲፋረም ለጋም ሆነ ያረጀ ቀይ የደም ሴል ካገኘ ይገባበታል። ቫይቫክስ ግን የሚፈልገው ከአጥንት መቅኔ ገና የወጡትን፣ ሬቲኩሎሳይት የሚባሉትን ነው። በጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ እነዚህ ከ100 ቀይ ሴሎች አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ነው፤ እነሱም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይበስላሉ። ታዲያ እንዴት ለይቶ ያገኛቸዋል?

ነገሩ ከብረት ጋር የተያያዘ ነው። ለጋው ሴል ሄሞግሎቢን ሠርቶ ስላልጨረሰ ብረት ይፈልጋል። ብረቱን ትራንስፈሪን የተባለ ፕሮቲን ተሸክሞ ያመጣለታል፤ ሴሉም በገላው ላይ ባለ ተቀባይ ይረከበዋል። ሲበስል ይህን ተቀባይ ያራግፈዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቫይቫክስ የሚይዘው ይህንኑ ተቀባይ ነው። ተቀባዩ የጎደላቸውን ሴሎች ቫይቫክስ መውረር ሲያቅተው ፋልሲፋረም ግን ገብቶባቸዋል።

እኔን እጅግ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ሰውነት ለጋ ሴሎቹን የሚመግብበት በር ለጠላትም መግቢያ ሆኗል። እንዝጋው ብንል ሴሉ ብረት ያጣል።

ወረራውን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሜሮዞይት የሚባለው ጥቃቅኑ ተውሳክ ሴሉ ላይ እንደ ደረሰ ያርፍና ሹሉን ጫፍ ወደ ሴሉ ያዞራል። ከዚያ የራሱን ፕሮቲን በሴሉ ሽፋን ላይ ይተክላል፤ ራሱ የተከለውን ይዞ እየተጎተተ ይገባል! ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ያበቃል።

የብረቱ ተቀባይ ብቻውን ግን አይበቃውም፤ ዳፊ የተባለ ሌላ ፕሮቲንም ይፈልጋል። አብዛኞቹ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች በቀይ ሴሎቻቸው ላይ ይህ ፕሮቲን ስለሌላቸው ቫይቫክስ እምብዛም አያጠቃቸውም።

ምርጫው ተመራማሪዎችንም ፈትኗቸዋል። ፋልሲፋረም ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤተ ሙከራ ያለማቋረጥ ሲራባ፣ ቫይቫክስን የሚመግብ ለጋ ሴል በበቂ ሁኔታ ማቅረብ አስቸጋሪ በመሆኑ አሁንም በአብዛኛው የሚጠናው ከሕመምተኞች በሚወሰድ ትኩስ ደም ነው።

ያም ሆኖ ያ የ2018 ጥናት ተስፋ ሰጥቶኛል። ተመራማሪዎቹ የብረቱን ተቀባይ ሳይነኩ፣ ተውሳኩ የሚይዝበትን ፕሮቲን የሚሸፍኑ ፀረ እንግዳ አካላት ሠሩ፤ ከሕመምተኞች በተገኘው ቫይቫክስ ላይ ሲሞክሯቸውም ወረራውን ገቱት።