ሊዝበን የደረሱት ደብዳቤዎችና የቲምቡክቱው ሊቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል የማነሣው ጉዳይ በአፍሪካ ታሪክ ውስጥ ችላ ተብለው የቀሩ ሰዎችንና ጊዜያትን የሚመለከት ሲሆን፣ ከመካከላቸው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመንና በማግሥቱ ብዕር ያነሡ ጥቂቶችን ብቻ መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ስለ ተረሳ ታሪክ ሲነሣ ዘወትር የሚቀርበው ምክንያት የጽሑፍ ማስረጃ አለመኖሩ ነው። ለአንዳንዱ ዘመንና ለአንዳንዱ ሕዝብ ይህ እውነት ነው። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ጽሑፉ በእጃችን እያለ የተዘነጋው ታሪክ ነው። እንደሚመስለኝ ለዚህ አንዱ ምክንያት የየአገሩ ታሪክ በየአገሩ አጥር ውስጥ ብቻ የሚተረክ በመሆኑ፣ በአንድ ዘመን የኖሩና ለአንድ ሰው የጻፉ ሁለት አፍሪካውያን ጎን ለጎን ቆመው ሳናያቸው መቅረታችን ነው።

ፖርቱጋሎች በ1520 ወደ ኢትዮጵያ መምጣታቸውን፣ ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ከእነርሱ ጋር እንደነበረ ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን። መልእክተኞቹ በአገሪቱ ስድስት ዓመት ገደማ ቆይተው በ1527 ሊዝበን ሲገቡ፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ለፖርቱጋል ንጉሥ የጻፏቸውን ደብዳቤዎችና የንጉሠ ነገሥቱን መልእክተኛ ጸጋ ዘአብን ይዘው ነበር። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ዐፄ ልብነ ድንግል የወርቅና የብር አንጥረኞች፣ ሰይፍና የጦር መሣሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ግንበኞችና አናጢዎች፣ ሐኪሞች፣ እንዲሁም መጽሐፍ የሚያትሙ ሰዎች እንዲላኩላቸው ጠይቀዋል። እዚህ ድረስ ያለው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም።

እምብዛም የማይነገረው ይህ ነው። አልቫሬዝና ጓደኞቹ ከምጽዋ ተነሥተው ገና በጉዞ ላይ ሳሉ፣ ለዚሁ ለፖርቱጋል ንጉሥ ለዣዎ ሣልሳዊ ከሌላ የአፍሪካ ንጉሥ እጅግ የተለየ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። ጸሐፊው የኮንጎ ንጉሥ ቀዳማዊ አፎንሶ ናቸው። መናገሻቸው ምባንዛ ኮንጎ ዛሬ በሰሜን አንጎላ ትገኛለች። እኒህ ንጉሥ በ1491 ተጠምቀው ክርስትናን የተቀበሉ፣ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ፣ ልጃቸውን ሄንሪኬን ወደ ፖርቱጋል ልከው ለጵጵስና ያበቁ ሰው ነበሩ። ስለዚህ የጻፉት ፖርቱጋሎችን ትናንት ያገኛቸው እንግዳ እንደሚጽፈው አልነበረም፤ ከ30 ዓመት በላይ አብረዋቸው የኖሩና ጠባያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

በሐምሌ 1526 በተጻፈው ደብዳቤ አፎንሶ፣ ነጋዴዎች ሕዝባቸውን በየዕለቱ እያፈሱ እንደሚወስዱ፣ ከተወሰዱትም መካከል የመኳንንት ልጆች፣ ሌላው ቀርቶ የራሳቸው የንጉሡ ዘመዶች እንደሚገኙበትና አገራቸው ሰው አልባ እየሆነች መምጣቷን ይገልጻሉ። ከዚያም ከፖርቱጋል ነጋዴም ሸቀጥም እንዳይላክላቸው፣ የሚፈልጉት ካህናትና መምህራን፣ ለቅዳሴ የሚሆን ወይንና ዱቄት ብቻ መሆኑን ያስታውቃሉ። በዚያው ዓመት በጻፉት ሌላ ደብዳቤ ደግሞ ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች እንዲላኩላቸው ይለምናሉ። ከዐፄ ልብነ ድንግል ጥያቄ ጋር የሚገናኘው ይህ የሐኪም ጉዳይ ብቻ ነው። አንደኛው ንጉሥ የአውሮፓ ጥበብ ሁሉ እንዲመጣላቸው ሲጠይቁ፣ ሌላው ከጥበቡ ጋር ምን ተከትሎ እንደሚመጣ አይተው ስለነበር እየመረጡ ጠየቁ። እነዚህን ሁለት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያስተምር የታሪክ መጽሐፍ በልጅነታችን ቢደርሰን ኖሮ፣ ስለ ልብነ ድንግል ዘመን የምናነሣው ክርክርም ይበልጥ የበሰለ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዣዎ ሣልሳዊ በ1529 የሰጡት ምላሽ ስለ ሥልጣን ብዙ ይናገራል። ንጉሡ የአፎንሶን አቤቱታ መልሰው ከጠቀሱ በኋላ፣ በዚያ የሚኖሩ ፖርቱጋሎች ግን ኮንጎ እጅግ ሰፊ፣ ሕዝቧም አንድም ባሪያ ከውስጧ ወጥቶ የማያውቅ እስኪመስል ድረስ የበዛ መሆኑን እንደነገሯቸው ይጽፋሉ። የአገሩ ባለቤት “ሕዝቤ እያለቀ ነው” ብሎ ሲጽፍ፣ ከንግዱ የሚያተርፉት ሰዎች ምስክርነት ተመዘነና ሚዛን ደፋ።

ይሁንና አፎንሶን የባሪያ ንግድ ጠላት አድርጎ ማቅረብ እውነቱን ማጣመም ነው። እርሳቸው ራሳቸው ባሪያዎች ነበሯቸው፤ በጦርነት የተማረኩ ሰዎችንም ወደ ፖርቱጋል ልከዋል። የተቃወሙት ነጻ የኮንጎ ሰዎች ተይዘው መሸጣቸውን ነበር። በጥቅምት 1526 በጻፉት ደብዳቤም ባሪያ የሚገዛ ማንኛውም ነጋዴ አስቀድሞ ለሦስት ሹማምንት እንዲያስታውቅ፣ እነርሱም የተያዘው ሰው ምርኮኛ ይሁን ነጻ ሰው እንዲያጣሩ መደንገጋቸውን አሳውቀዋል። አንዳንዶች አፎንሶን በነጮች የተታለሉ የዋህ፣ ሌሎች ደግሞ እንከን የለሽ ጀግና አድርገው ያቀርቧቸዋል። እኔ ከሁለቱም ይልቅ፣ በፈቀዱት ንግድ አገራቸው ስትራቆት ያዩና በሕግ ሊገድቡት የሞከሩ ንጉሥ አድርጌ ማየቱን እመርጣለሁ፤ ደብዳቤዎቻቸውም የሚደግፉት ይህን አመለካከት ነው።

ዐፄ ልብነ ድንግል የጠየቁት የኅትመት ጥበብ በዘመናቸው ወደ አገራቸው አልመጣም። በ1531 ደብረ ሊባኖስ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጠለ። የዚያ ገዳም ልጅ የሆኑት አባ ተስፋ ጽዮን ግን ሮም ገብተው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ። በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙትም እርሳቸው ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ የጠየቁበት ቦታ አለ። ፊደሉን የለቀሙት ሠራተኞች ግእዝ ማንበብ እንደማይችሉ፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ደግሞ ፊደል መልቀም እንደማያውቁ፣ ስለዚህም ዕውር ዕውርን እንደሚመራ እየተረዳዱ እንደሠሩት ያስረዳሉ። በስደት ላይ ያለ መነኩሴ በማያውቀው ሙያ ላይ ቆሞ፣ የእያንዳንዱን ገጽ ስሕተት እየተሳቀቀ ሲያርም በዚህ ቃል ውስጥ ይታየኛል። ስለዚያ ጦርነት ስንማር የውጊያዎቹን ስም በዝርዝር አጥንተናል፤ ከጦርነቱ የተረፈ አንድ መነኩሴ ስለሠራው ሥራ ግን የሰማን ጥቂቶች ነን።

ሦስተኛው ሰው ከሰሃራ ማዶ ናቸው። አሕመድ ባባ በ1556 ተወልደው ያደጉት ዛሬ በማሊ በምትገኘው በቲምቡክቱ ሊቃውንት ቤተሰብ ውስጥ ነበር። በ1591 የሞሮኮው ሱልጣን አሕመድ አል መንሱር የላከው ጦር በጠመንጃ ኃይል ቲምቡክቱን ይገዛ የነበረውን የሶንጋይን መንግሥት ቶንዲቢ ላይ ድል አደረገ። ብዙም ሳይቆይ የቲምቡክቱ ሊቃውንት ተይዘው በረሃውን በሰንሰለት ተሻግረው ወደ ማራካሽ ተጋዙ። አሕመድ ባባ በመንገድ ላይ ከግመል ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሱልጣኑ ፊት በቀረቡ ጊዜ ሱልጣኑ ከመጋረጃ በስተኋላ ሆኖ ስላናገራቸው፣ ቁርኣንን ጠቅሰው ከመጋረጃ ጀርባ ለሰው መናገር የፈጣሪ እንጂ የሰው ሥርዓት አለመሆኑን ነገሩትና መጋረጃው ተገለጠ። ከዚያም ቤታቸው ለምን እንደተዘረፈ ጠየቁ። ከቤተሰባቸው ሁሉ ትንሹ የእርሳቸው ቤተ መጻሕፍት እንደነበር፣ ከእርሱም 1,600 መጻሕፍት እንደተወሰዱባቸው የተናገሩት በዚህ ጊዜ ነው። ትንሹ ይህን ያህል ከነበረ የትልቁን መጠን እናንተው ገምቱት።

ወደ ቲምቡክቱ የተመለሱት በ1608 ሲሆን፣ በ1615 በሰሃራ በረሃ ከምትገኘው ከቱዋት ለመጣ ጥያቄ የሰጡት የሕግ መልስ ለእኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ነው። ጠያቂዎቹ ማወቅ የፈለጉት ከጥቁሮች አገር ከሚመጡት ባሪያዎች መካከል የትኞቹን መግዛት እንደሚፈቀድ ነበር። አሕመድ ባባ የቆዳ ቀለም ለባርነት ምክንያት እንደማይሆን፣ እንደ ሶንጋይ፣ ካኖ፣ ካትሲናና ቦርኖ ያሉ አገሮች ሕዝብ ሙስሊም በመሆኑ ሊሸጥ እንደማይገባ አስረዱ። እርሳቸውም ቢሆኑ ባርነትን በጠቅላላው አልሻሩም፤ መለያውን እምነት አደረጉት እንጂ። ነገር ግን የተያዘው ሰው “እኔ ነጻ ነኝ” ካለ ቃሉ እንዲታመን የወሰኑ የቀደሙ የሕግ ሊቃውንትን ጠቅሰዋል። ይህም የማስረዳቱን ሸክም ከተያዘው ሰው አንሥቶ በገዢው ላይ የሚጥል ነው። አፎንሶም በ1526 ሦስቱን ሹማምንት ሲሰይሙ፣ በሌላ ሕግና በሌላ ቋንቋ ለመሥራት የሞከሩት ይህንኑ ነበር።