የሐዋሳን አየር በሐዋሳ ግፊት እናስላ

የተከበራችሁ የኬሚስትሪ መምህራንና የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣

እንኳን ደህና መጣችሁ። ጆን ዳልተን በ1801 እ.ኤ.አ. ያገኘውን ሕግ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ትጽፉታላችሁ። በድብልቅ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ጋዝ ዕቃውን ብቻውን ቢይዘው የሚኖረውን ግፊት ያሳድራል፤ ሲደመሩ አጠቃላዩን ይሰጣሉ። የአንዱን ከፊል ግፊት የምናገኘው የሞል ክፍልፋዩን፣ ማለትም ከድብልቁ ሞለኪውሎች የእሱን ድርሻ፣ በአጠቃላዩ ግፊት በማባዛት ነው። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ይህን አጠቃላይ ግፊት ከየት እንደምናመጣው ነው።

ብዙዎቻችን 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብለን እንጀምራለን። እሱ ግን የባሕር ጠለል ግፊት ነው። ከተማችን ያለችው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየራችን ግፊት 620 አካባቢ ነው።

ዚንክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አገናኝተን ሃይድሮጅን ውሃ ላይ የምንሰበስብበትን ሙከራ እንውሰድ። ተማሪው 0.105 ግራም ዚንክ መዘነ እንበል። በሲሊንደሩ ውስጥና ውጭ ያለው ውሃ እኩል እስኪሆን ሲሊንደሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ 50 ሚሊ ሊትር አነበበ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ የውሃ ተን ድርሻ የሆነውን 24 ቀነሰ፤ ይህን አልረሳም። ከ760 ሲቀንስ ግን ለሃይድሮጅን 736 ይደርሰዋል፤ ወደ ዚንክ ሲመልሰው ደግሞ 0.13 ግራም ይወጣል። ካስገባው በላይ ማለት ነው! ከ620 ቢቀንስ ኖሮ 596 አግኝቶ 0.105 ግራም ላይ ይደርስ ነበር። በትክክል የሠራ ልጅ በደንብ አልመዘንክም ተብሎ ማርክ ሲቀነስበት ማየት ያመኛል።

የስልካችሁን የአየር ሁኔታ መተግበሪያም አትመኑ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ወደ ባሕር ጠለል የተስተካከለ ግፊት ነው። የሚያስፈልገን እዚሁ ባሮሜትር ላይ የተነበበው ነው።

ነገሩ ከላብራቶሪ ያልፋል። ከተማሪዎቻችን ነርስና ሐኪም የሚሆኑ አሉ። የኦክስጅን ድርሻ እዚህም ባሕር ጠለል ላይ ባለችው ጅቡቲም 21 በመቶ ነው። ሳንባ ውስጥ የገባ አየር ግን በ37 ዲግሪ የ47 ሚሊ ሜትር የውሃ ተን ስለሚቀላቀለው፣ ይህ ከአጠቃላዩ ሲቀነስ ጅቡቲ ላይ ከቀሪው 713 ውስጥ 150 ገደማ፣ እዚህ ከ573 ውስጥ 120 ገደማ የሚሆነው ብቻ የኦክስጅን ይሆናል። ለሐዋሳ ታካሚ ያንን 150 ለመስጠት ድርሻው ወደ 26 በመቶ ከፍ ማለት አለበት። ይህን ስሌት ልጆቹ አስራ አንደኛ ክፍል ሳሉ በራሳቸው እጅ ቢሠሩት እወዳለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ከሚቀጥለው ሙከራ ጀምሮ የዕለቱን ግፊት አንብባችሁ ቀን ከሚጻፍበት አጠገብ ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ባሮሜትር የሌለው ትምህርት ቤት ለጊዜው በ620 ይሥራ። በፈተናም ላይ 760 የሚለውን የምትጠቀሙት ጥያቄው ስለ ባሕር ጠለል ሲሆን ብቻ ይሁን።

አመሰግናለሁ።